የጉድጓድ ወረቀት

የታሪክ ተማሪ ስለ አፈር ምን አገባው? ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት ያነበቡት ሁለት ጓደኞቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይኸንኑ ነው። አንደኛውማ «ግጥሙን ጨረስክና ወደ ጭቃ ወረድክ?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ። እኛ ዓመቱን ሙሉ የምንማረው ማናችንም ያላየነውን ያለፈ ዘመን ከተራረፈ ወረቀት ተነሥተን እንዴት እንደምንናገር ነው። መሐንዲሱም እንዲሁ ማንም ገብቶ ያላየውን የምድር ሆድ ከጥቂት ጠባብ ጉድጓዶች ተነሥቶ ይናገራል። ልዩነቱ እኛ ስንስት መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ያነሣል፤ እሱ ሲስት ግን ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ሲብስም ሕንፃ ይዘማል። እንግዲህ ማስረጃ ማንበብ ምን ያህል ከባድ ነገር መሆኑን ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ከነሱ ወረቀት ላይ ተማርኩ ብል ማጋነን አይደለም።

ወረቀቱን የማያውቅ አንባቢ ስለሚኖር በቅድሚያ መልኩን ልንገራችሁ። ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት በቦታው ላይ ጥቂት ጉድጓዶች በማሽን ይሰረሰራሉ። አፋቸው ከቡና ጀበና ሆድ እምብዛም አይሰፋም፤ ጥልቀታቸው ግን 10፣ 15፣ አንዳንዴም 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ወይም ሁለት ገጽ መዝገብ ይዘጋጃል፤ ባለሙያዎቹ «ሎግ» ይሉታል። የሚነበበው ከላይ ወደ ታች፣ ልክ እንደሚቆፈረው ነው። በግራ በኩል ጥልቀቱ በሜትር ተጽፏል። ቀጥሎ አፈሩ በምልክት ይሣላል፤ ሸክላ አፈር በሰያፍ መስመር፣ አሸዋ በነጠብጣብ። ከዚያ በቃል መግለጫ ይመጣል፦ ቀለሙ፣ ጥንካሬው፣ እርጥበቱ፣ ምን እንደተቀላቀለበት። ከዚያም የናሙናው ቁጥር፣ የመዶሻው ምት፣ ውኃ የተገኘበት ጥልቀት። በመጨረሻ ከሁሉም የጠበበው ዐምድ አለ፤ «ማስታወሻ» የሚባለው። ስለዚህ ዐምድ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ይኸን ወረቀት የተዋወቅሁት በእንጀራ ምክንያት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በክረምቱ ዕረፍት ለሁለት ወር ያህል ከአንድ የቁፋሮ ቡድን ጋር ሠርቻለሁ። የድርጅቱን ስም ማንሣት አያስፈልግም። ሥራዬ በጭቃና በዝናብ የራሰውን የሜዳ መዝገብ ማታ ማታ በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ ነበር። እጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው የቀጠሩኝ፤ ሌላ ችሎታማ የለኝም። ቀን ቀን ግን ከማሽኑ አጠገብ ቆሜ ምት እቆጥር ነበር። ማሽኑን የሚነዱት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው።

ምት መቁጠር ማለት ይኸ ነው። ጉድጓዱ የተፈለገው ጥልቀት ሲደርስ ሁለት ፍልጥ ሆኖ የሚከፈት የብረት ቧንቧ በረጅም በትር ጫፍ ታስሮ ይወርዳል። ከላይ 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ በትሩን ይመታል። ቧንቧው 45 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ድረስ ይመታል፤ ምቱም በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ለየብቻ ይቆጠራል። የመጀመሪያው 15 ይጻፋል እንጂ አይደመርም፤ የጉድጓዱ ወለል በቁፋሮው የተነካካ ስለሆነ የራሱን ቃል አይሰጥማ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ድምር ነው የሚያዘው። ይኸም ቁጥር «ኤን» ይባላል። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ «3፣ 5፣ 7» የሚል ብታዩ ውጤቱ 12 ነው።

ይህ ዘዴ ከሊቃውንት ጠረጴዛ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ ቻርልስ ጎው የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ቧንቧ እየመታ ናሙና ማውጣት ጀመረ፤ ሌሎች ቆፋሪዎች ተቀበሉት። ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1947 ካርል ቴርዛጊ ስለ ከርሠ ምድር ምርመራ ባቀረበው ጽሑፍ ነው። ይኸ ቴርዛጊ ፕራግ የተወለደ ሲሆን የአፈርን ጠባይ በትዕግሥት ያጠናው ኢስታንቡል በሚገኘው ሮበርት ኮሌጅ ሲያስተምር ነበር፤ ሙያውን የመሠረተበትን መጽሐፍ ያሳተመውም እ.ኤ.አ. በ1925 ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጋሼ ሞተሩን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ስንት ሆነ?»

«አሥራ ሁለት፣ ጋሼ።»

«የምን አሥራ ሁለት?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የአሸዋ ነው የሸክላ? አንተ ልጅ፣ አፈሩን በእጅህ ሳትነካ ቁጥር አትንገረኝ። ና ንካው።»

ቧንቧው ተከፍቶ ነበር። ቡናማ ሸክላ። በአውራ ጣቴ ስጫነው እምቢ አለኝ፤ ጥፍሬ ግን ምልክት ተወበት። ለካ 12 ምት በሸክላ አፈር ሲሆን «ጠንከር ያለ» ይባላል፤ ከ8 እስከ 15 ያለው በዚያ ክፍል ነው የሚመደበው። ያው 12 በአሸዋ ሲሆን ግን «መካከለኛ» ብቻ ነው፤ አሸዋ ጥቅጥቅ አለ የሚባለው ከ30 ምት ወዲያ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። ቃሉን ትቶ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው ደብዳቤውን ትቶ ቀኑን ብቻ እንደሚያነብ የታሪክ ተማሪ ነው።

ደግሞም ቁጥሩ ራሱ ሰው አለበት። በእኛ ማሽን መዶሻውን የሚያነሣው ገመድ የሚሽከረከር ብረት ላይ ተጠምጥሞ በእጅ ይሳባል፤ ላላ ሲደረግ መዶሻው ይወድቃል። ጧት ጉልበት ባለበት ሰዓት ገመዱ እስከ ልኩ ይነሣል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣ የደከመው ልጅ 76 ሳይሞላ ይለቀዋል። መዶሻው ከዝቅታ ሲወድቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ኃይሉ ሲቀንስ ምቱ ይበዛል፤ ምቱ ሲበዛ ደግሞ ደካማው አፈር በወረቀት ላይ ጠንካራ ይሆናል! ጋሼ ለዚህ ሲሉ በትሩ ላይ በኖራ ምልክት አድርገው ነበር። መሐንዲሶቹም ይኸን ስለሚያውቁ ከመዶሻው ኃይል ውስጥ ስንቱ በትሩ ላይ እንደደረሰ ለክተው ቁጥሩን ወደ 60 በመቶ ልክ ይመልሱታል። እኛ «ጸሐፊው ማን ነበር? ለማን ይጽፍ ነበር? ርቦት ነበር ወይስ ጠግቦ?» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ሌላው ወጥመድ ሃምሳ ነው። ቧንቧው 15 ሳንቲ ሜትር ሳይገባ 50 ምት ከሞላ ፈተናው ይቆማል፤ «አልገባም አለ» ተብሎ ይመዘገባል። አዲስ ሰው ይኸን ሲያይ «አለት ደረስን!» ብሎ ደስ ይለዋል። ጋሼ አይደሰቱም። ጥቁር ድንጋይ ከላይ ወደ ታች እየበሰበሰ አፈር ሲሆን ሁሉም እኩል አይበሰብስም፤ በመካከሉ ያልበሰበሰ ቋጥኝ እንደ እንቁላል አስኳል ይቀራል። መዶሻው ያገኘው አለቱን ይሁን ብቻውን የተኛ ቋጥኝ በምት አይታወቅም። ስለዚህ በኮር መሰርሰሪያ ጥቂት ሜትር ዘልቆ መሄድ ግድ ነው። የወጣው ድንጋይ እንደ ዱላ እየሆነ በሳጥን ይደረደራል። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት ቁርጥራጮች ብቻ ተለክተው ይደመሩና ለተቆፈረው ርዝመት ይካፈላሉ። ከ100 ከ75 በላይ ከሆነ ጥሩ ድንጋይ ነው፤ ከ25 በታች ከሆነ በጣም ደካማ። አንድ ሜትር ተቆፍሮ ሳጥኑ ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢገኝ ዋናው ጥያቄ ስለ 40ው አይደለም፤ 60ው የት ሄደ? የጠፋው ክፍል ብዙ ጊዜ ደካማው ክፍል ነው። በእኛም ሙያ ቢሆን ተቆጥሮ የተቀመጠውን ሰነድ ሁሉም ያነባል፤ የጎደለውን የሚጠይቅ ነው ጥቂት።

ስለ ውኃም ጥቂት ልበል። በወረቀቱ ላይ ውኃ የተገኘበት ጥልቀት በትንሽ ሦስት ማዕዘን ይመለከታል። ነገር ግን ሸክላ አፈር ውኃን የሚያሳልፈው እንደ ንፉግ ሰው ነው፤ ጠብ፣ ጠብ። ቁፋሮው እንዳለቀ ቢለካ ጉድጓዱ ደረቅ ይመስላል፤ በማግሥቱ ሲለካ ግማሹ ሞልቶ ይገኛል። ቁፋሮው ራሱ በውኃ የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ የምድሩን ውኃ ከማሽኑ ውኃ መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ ወቅት አለ። በየካቲት 6 ሜትር ላይ የነበረ ውኃ በነሐሴ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቀን ያልተጻፈበት የውኃ ልክ እንደ ሐሜት ነው፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን አይያዝም።

አሁን ወደዚያ ጠባብ ዐምድ ልመለስ። አንድ ቀን 6.80 ሜትር ላይ ስንደርስ የማሽኑ ውኃ መመለሱን ድንገት አቆመ፤ በትሩም ማንም ሳይገፋው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ወረደ። ጋሼ ሞተሩን አጠፉና ዝም ብለው ጉድጓዱን አዩት። ከዚያ «ጻፍ» አሉኝ። «ውኃው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። በትሩ በራሱ ክብደት ወረደ።» ጻፍኩ። ማታም ገለበጥኩት። በሁለተኛው ቀን ከቢሮ የተላከ ሰው ንጹሑን ወረቀት ይዞ መጣና ያቺን ዐረፍተ ነገር እንዳወጣት ነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ደንበኛው ጥያቄ ያበዛብናል» አለኝ። በክፋት የተናገረው አይመስለኝም፤ መኪናው ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቀው ነበር፣ ሰውየው ቸኩሏል።

እኔ ተቀጣሪ ገልባጭ ነኝ። ምን እንደምል ሳስብ ጋሼ ከኋላዬ መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ጌታዬ፣ ከወረቀቱ ሥር የማን ፊርማ ነው ያለው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያስ እኔ ያየሁት ከወጣ ፊርማዬም አብሮ ይውጣ።»

ሰውየው ጥቂት ተጨቃጨቀ፤ ስልክ ደወለ፤ በመጨረሻ ዐረፍተ ነገሯ ተመለሰች። በእርሷም ምክንያት ከዚያ ጉድጓድ 2 ሜትር ያህል ርቆ ሌላ ጉድጓድ እንዲቆፈር ታዘዘ። ከ6.50 እስከ 7.10 ሜትር ድረስ በእጅ የሚፈረፈር የበሰበሰ ድንጋይ አገኘን። አንድ የሕንፃው ዓምድ የሚያርፍበት ቦታ ነበር። ሕንፃው ዛሬ ቆሟል፤ በሥሩ የሚያልፍ ሰው ስለዚያች ዐረፍተ ነገር አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።

ዐረፍተ ነገር ስትጎድል ምን እንደሚመጣ ለማየት፣ ከዚያም አልፎ ወረቀቱ ራሱ ባይኖር ምን እንደሚሆን ለማየት፣ ወደ ካናዳ ልውሰዳችሁ። በማኒቶባ ክፍለ ሀገር፣ ከዊኒፔግ ከተማ አጠገብ፣ ትራንስኮና በተባለ ቦታ አንድ ትልቅ የእህል ጎተራ ተሠርቶ ነበር። እኛ ጎተራ ስንባል ትዝ የሚለን ያው የአዲስ አበባው ሰፈር ነው፤ የዚያ ግን 65 ክብ ጎተራዎች በአንድ መሠረት ላይ ጎን ለጎን የተገጠሙበት ነበር። ከፍታው 28 ሜትር፣ መሠረቱ ወደ 23 በ59 ሜትር፣ ባዶውን 20,000 ቶን የሚመዝን፤ አንድ ሚሊዮን ቡሽል እህል ይይዛል። መሐንዲሶቹ ሥራ ሳይጀምሩ አፈሩን አልመረመሩም ማለት አይቻልም። መሠረቱ በሚያርፍበት ወለል ላይ ትንሽ ሰሌዳ አስቀምጠው ክብደት ጭነውበታል። አፈሩም ተሸክሟል። ጥልቅ ጉድጓድ ግን አልቆፈሩም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1913 እህል ይገባበት ጀመር። ጥቅምት 18 ቀን 1913 ወደ 875,000 ቡሽል ሲደርስ ሕንፃው በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ሰመጠ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀመረ። በ24 ሰዓት ውስጥ 27 ዲግሪ ያህል ጋደለ፤ በአንድ ወገን ከ7 ሜትር በላይ ወረደ፤ በሌላው ወገን ወደ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አለ። የሚገርመው ሕንፃው ራሱ አልፈረሰም። እንደ ሰከረ ሰው ተጋድሞ ቀረ እንጂ ኮንክሪቱ ደህና ነበር። ጥፋቱ ከእሱ አልነበረም!

ለምን እንደሆነ በቁጥር የታወቀው ከ38 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በአቅራቢያው ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ፔክና ብራያንት የተባሉ ሁለት ሰዎችም ውጤቱን በ1953 አሳተሙ። ቦታው በጥንት ዘመን የበረዶ ሐይቅ ወለል የነበረ ሸክላ ነው። ላይኛው ሸክላ ጠንከር ያለ፤ ከሥሩ ያለው ግን የላይኛውን ግማሽ ያህል ጥንካሬ ብቻ ያለው። ትንሿ ሰሌዳ የፈተነችው ላይኛውን ብቻ ነበር። ነገሩን በድፎ ዳቦ አስቡት። ላዩ የበሰለ፣ ውስጡ ገና ሊጥ የሆነ ድፎ በጣት ጫፍ ቢነኩት ቅርፊቱ ይችላል። በሙሉ መዳፍ ሲጫኑት ግን ኃይሉ እስከ ሊጡ ይወርዳል፤ ድፎውም በጎን ይወጣል። ሰሌዳዋ ጣት ነበረች፤ ጎተራው መዳፍ። ሰፊ ነገር ጥልቅ ይሰማል። ጎተራውን በ1914 እስከ አለት የሚደርሱ ምሰሶዎች ከሥሩ ቆፍረው አቃኑት፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እህል ይዟል። የበሰለውን ዳቦ ለማወቅ ግን አንድ ጉድጓድ በበቃ ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁ የሌላ ሰው ሕንፃ ነው። የራሳችንን ቤት ልንገራችሁ።

ቤታችን በከተማው ምሥራቅ ዳር ነው፣ መረሬ ላይ። መረሬን የማያውቅ ካለ፦ በበጋ ዱላ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ጫማ የሚያስቀር ያ ጥቁር አፈር ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከሳሎናችን መስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ አለ። እናቴ ከዓመታት በፊት ጎረቤታችን ያስቆፈሩት የሽንት ቤት ጉድጓድ ያመጣው ነው ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ስንጥቁ ከጉድጓዳቸው በፊትም ነበረ ይላሉ። እንዲህ ሲባባሉ ቡና መጠራራት ካቆሙ ቆይተዋል። ለቅሶ ካልሆነ በቀር አይገናኙም።

አምና በግንቦት ከመንገዱ ማዶ ሕንፃ ሊሠራ ነው ተባለ። የቦታው ባለቤት የሠፈር ሰው ስለሆነ የጉድጓድ ወረቀቱን እንዳይ ፈቀደልኝ። ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ በመካከላቸው 18 ሜትር አለ። በመጀመሪያው መረሬው 2.60 ሜትር ይወርዳል፤ በሁለተኛው 1.10 ብቻ፤ ከዚያ ቀይ ቡናማ ሸክላ። በመጀመሪያው ጉድጓድ 1.5 ሜትር ላይ 24 ምት፣ 3 ሜትር ላይ 9 ምት። ላዩ ጠንካራ፣ ታቹ ለስለስ ያለ! ወዲያው ቀኑን አየሁ፤ ጥር። በጥር መረሬ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። ያ 24 የአፈሩ ጥንካሬ ሳይሆን የፀሐዩ ነው። በነሐሴ ቢቆፈር ኖሮ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ቁጥር ይጻፍ ነበር።

ታዲያ ይኸ ወረቀት ስለ እኛ ቤት ምን ይላል? በቀጥታ ምንም አይልም። መሐንዲሶች ሁለት ጉድጓዶችን አያይዘው የምድሩን ቁርጥ ሲሥሉ፣ በጉድጓዱ ላይ ያለውን ድንበር በደማቁ ያሰምሩታል፤ በመካከል ያለውን ግን በተቆራረጠ መስመር። የተቆራረጠው መስመር «ይመስለኛል» ማለት ነው። በ18 ሜትር ውስጥ መረሬው ከግማሽ በላይ ከሳሳ፣ መንገድ ተሻግሮ እኛ ቤት ሥር ሲደርስ ስንት እንደሚሆን ማን ያውቃል? ወረቀቱን ይዤ ገብቼ «እማዬ፣ ተሳስተሻል» ማለት አልቻልኩም። የነገሩ መጠርጠሪያ ግን ሰጠኝ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ስንጥቁን ያመጣው መረሬው ከሆነ ከወቅት ጋር መንቀሳቀስ አለበት።

ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት የእርሳስ ነጥብ አደረግሁ፤ በመካከላቸው ልክ 50 ሚሊ ሜትር። ቀኑን ከጎኑ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። እናቴ ግድግዳ አበላሸህ ብላ ተቆጣች። በመስከረም ለካሁት፤ 46። በዘንድሮው ጥር ለካሁት፤ 51። ግድግዳው በክረምት እየጠበበ በበጋ እየሰፋ ነው።

«ታዲያ ጉድጓዷ ነፃ ናት በለኛ» አለች እናቴ።

«ነፃ ናት አላልኩም፣ እማዬ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ወር አይቆጥርም ነው ያልኩት።»

ዝም አለች። ዝምታዋ ግን መቀበል አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከአምስት ኪሎ አንድ ጓደኛዬን ጠርቼ አሳየሁት። ግድግዳውን ጥቂት አየና ወደ ደጅ ወጣ። የሚያየው ባሕር ዛፋችንን ነበር። ከግድግዳው 3 ሜትር ቢርቅ ነው። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ዙሪያ ያለውን ውኃ ስለሚመጥ መረሬው በበጋ የባሰ እንደሚኮማተር ነገረን። እናቴ ፊቷ ተለወጠ። ዛፉን የተከለው አባቴ ነው፤ እኔ በተወለድኩበት ዓመት።

«አባትህ በእጁ የተከለውን ልቁረጥ?»

ጓደኛዬ ቶሎ ብሎ «አይ እትዬ፣ ድንገት መቁረጥም ጥሩ አይደለም» አለ። ለማባበል ያለው መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። ዛፉ ለብዙ ዓመት ያደረቀው አፈር ዛፉ ሲጠፋ ውኃውን መልሶ ይጠጣል፤ ያኔ ደግሞ ያብጣል፤ ግድግዳውን ከሥር ይገፋዋል። ለጊዜው የጣራውን ውኃ በአሸንዳ ከቤቱ አርቀን ማፍሰስ፣ በቤቱ ዙሪያ ውኃ የማያስገባ ንጣፍ ማድረግ፣ ስንጥቁንም መለካቱን መቀጠል ይሻላል አለ። አሸንዳው ተሠርቷል። ንጣፉ ገንዘብ ይጠብቃል። ዛፉ እንደቆመ ነው። እናቴ ለጥምቀት ለጎረቤታችን ዳቦ ልካለች፤ ቡናው ግን ገና ነው።

አንድ ዓመት መለካት ብዙ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚቀጥለው ክረምት ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ዛፉና መረሬው እያንዳንዳቸው ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸውም ከሁለት የእርሳስ ነጥብ አይገኝም። ሆኖም በቤታችን ለዓመታት «እሷ ናት»፣ «አይ እኔ አይደለሁም» ይባል በነበረበት ቦታ አሁን ሦስት ቁጥርና ሦስት ቀን አለ። ሁለቱም ወገን መጥቶ ሊያነበው ይችላል። ማንም ጮኾ ሊያሸንፈው አይችልም።

በከተማችን ዛሬ ያልተቆፈረ ሠፈር የለም ማለት ይቻላል። ከመካከላችን ዘመዱ ቤት የሚሠራ፣ ዕድሩ አዳራሽ የሚያቆም፣ ነገ ተነገወዲያ የጋራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ብዙ ነው። ወረቀቱ የመሐንዲስ ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ማንበብ የምትችሉ ሁሉ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። በየትኛው ወር ተቆፈረ? ውኃው የተለካው በዚያው ሰዓት ነው በማግሥቱ? ሕንፃው ምን ያህል ሰፊ ነው፣ ጉድጓዱስ ለዚያ ስፋት የሚበቃ ጥልቀት አለው? ቁፋሮው የቆመው አለት ላይ ነው ወይስ ቋጥኝ ላይ? ከሳጥኑ የጎደለው ድንጋይ የት ሄደ? ከሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያለውን መስመር ያሰመረው ማን ነው? ደግሞም የማስታወሻው ዐምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ከሆነ፣ ያን ጉድጓድ የቆፈረውን ሰው ፈልጉና ምን እንዳየ ጠይቁት።